መሬቱ በማን ስም ነበር?

ባለፈው ወር ቁጠባችንን ለመሰብሰብ በተቀመጥንበት ቀን፣ ቡናው ቶና ሳይደርስ ጨዋታው ወደ መሬት ዞረ። አንዲት አባላችን ባሏ ካረፈ በኋላ ወንድሞቹ መጥተው «ማሳው የአባታችን ነው፣ አንቺ ወደ ወገንሽ ሂጂ» እንዳሏት አጫወተችን። እሷ ግን ከሳጥኗ የይዞታ ደብተሯን አውጥታ የራሷንና የሟችን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አሳየቻቸው። ነገሩ በዚያው አበቃ። ወጣቶቹ ብዙም አልገረማቸውም፤ ደብተር ባለበት ዘመን ነው ያደጉት። ዕድሜ የጠገብነው ግን ያ ወረቀት ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ስለምናውቅ፣ በዚህ ዕትም እንጻፈው አልን።

ከሥራው እንጀምር። ከጨፋ ሜዳ እስከ ባቲና ጅሌ ጥሙጋ ቆላ ድረስ የቤታችን እህል ማሽላ ነው። ማሽላ ደግሞ የሴት ጉልበት ይፈልጋል። አረሙ የእኛ ነው። ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ እንዳይጨርሰው ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ እየጮኹ መዋል የሴትና የልጆች ነው። ከታጨደ በኋላ መሸከሙ፣ ማበጠሩ፣ ጎታውን ከጭቃና ከእበት ሠርቶ ማቆሙ፣ ለከርሞ ዘር የሚሆነውን ራስ መርጦ ከምድጃው በላይ ጢስ እንዲያገኘው መስቀሉ የእኛ ነው። የትኛው ዘር ቶሎ እንደሚደርስ፣ የትኛው ለእንጀራ እንደሚሆን፣ የትኛው ጥንቅሽ እንደሆነ የምታውቀው እናት ነች። ቅቤና ወተቱን ይዞ ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የሚወጣውም ሴት ነው።

ሴት የማትሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርፍ አትጨብጥም። በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ነው ተብሎ ተወስኗል፤ ማን እንደወሰነው የሚናገር የለም። እንግዲህ በዚያች በአንዲቷ ምክንያት እሱ «ገበሬ» ሲባል እሷ «የገበሬ ሚስት» ተባለች። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው ነበር።

በንጉሡ ዘመን አብዛኛው የአካባቢያችን አራሽ ጭሰኛ ነበር። ከባለ መሬቱ ጋር የሚዋዋለው ወንዱ ነው። ባል ከሞተ ወይም ከፈታ ሴቲቱ በዚያ መሬት ላይ የምትቆመው በልጆቿ ወይም በባሏ ዘመዶች ፈቃድ ነበር። በ1965 እና 66ቱ ድርቅ ወሎ ሲራብ፣ በሬው ተሽጦ ካለቀ በኋላ ልጅ አዝለው ወደ አዲስ አበባና ደሴ አውራ ጎዳና ከወጡት ብዙዎቹ እናቶች ነበሩ።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ቁጥር 31/1967። አዋጁ የፆታ ልዩነት ሳይደረግ፣ መሬቱን በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር ድረስ መሬት ይሰጠው አለ። በአገራችን የመሬት ሕግ ውስጥ ትልቅ ቃል ነው። ግን «በግሉ ለማረስ» የሚለውን ልብ በሉት። እርፍ የማትጨብጥ ሴት እንዴት በግሏ ትረስ? ሕግ አውጪዎቹም ይህን ሳያስቡት አልቀሩም። በቅጥር ማሳረስን ለሌላው ሁሉ ሲከለክሉ፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው አወጧት። ባል ሲሞትም ሚስት በመሬቱ መጠቀሟን እንድትቀጥል ፈቀዱ።

በተግባር ግን መሬቱን ያደለው የገበሬ ማኅበሩ ነበር፤ አንዱ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር የሚሸፍን። በመዝገቡ የሚሰፍረው የቤቱ አባወራ ነው። ያገባች ሴት በባሏ ስም ተጠቃለለች፤ በራሷ ስም የተጻፈችው ብዙውን ጊዜ ባል የሞተባት ወይም የፈታች ነበረች። ስለዚህ አግብታ የምትኖር ሴት ስሟን መዝገብ ላይ ለማየት መጀመሪያ ባሏን ማጣት ነበረባት። ይህን ስንጽፍ አንዳንዶቻችን ስቀናል፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ በተለይም መሬትን የመጠቀም፣ የማስተላለፍና የማስተዳደር መብት እንዳላቸው ጻፈ። ወረቀቱ እጃችን የገባው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ትግራይ ቀድሞ ደብተር መስጠት ሲጀምር በአባወራው ስም ብቻ ነበር የጻፈው። የአማራ ክልል በ1992 የመሬት አዋጅ አወጣ፤ ከዚያም የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር ሙከራው ከተደረገባቸው ቀበሌዎች አንዱ የደሴ ዙሪያው ገራዶ ነበር። እዚህ ላይ ክልሉ ከትግራይ የተለየ ነገር አደረገ፤ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፍ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍ አለ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ፊቷን አይቶ ይለያታል። ለእኛ ከአዋጁ ቁጥር ይልቅ ይህች ፎቶግራፍ ትበልጣለች።

ሁሉም አለቀ ማለታችን አይደለም። ባል ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት የማን ፎቶግራፍ ይለጠፍ የሚለው ራስ የሚያዞር ነገር ነው። የቤተሰብ ሕጉ ሁለት ማግባትን ይከለክላል፤ ኑሮው ግን አለ፤ ሁለተኛዋም ማሳ ላይ ትውላለች። ፍቺም ሲመጣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሁን መደበኛው ብላ ለመምረጥ ሴቲቱ መብት አላት፤ በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሃይማኖት ፍርድ ቤት የሚዳኘው ሁለቱም ሲስማሙ ነውና። በሽማግሌዎች ፊት አንገቷን ደፍታ ዝም ያለች ሁሉ ተስማምታለች ተብሎ እንደሚቆጠር ግን ከመካከላችን የደረሰባት ታውቀዋለች።

እርፉም እንዳለ ነው። ደብተር ያላት፣ በሬ የሌላት እኅታችን መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ግማሹ ምርት በሬ ላለው ሰው ይሄዳል። አራሹ ደግሞ የራሱን ማሳ ሳይጨርስ ወደ እሷ አይመጣም፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ የተዘራ ማሽላ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አንነግርም። በማኅበራችን ብድር ሁለት ሆነው አንድ በሬ የገዙ አባላት አሉን። ጥማዱን ለማሟላት ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጀት አለባቸው፤ የሚያርሰው ያው ወንድ ነው። ቢሆንም ዘንድሮ በጊዜ ዘርተዋል።

ያቺ ባሏ የሞተባት አባላችን በመጨረሻ ደብተሯን አሳየችን። ከፎቶግራፎቹ አንዱ በጢስ ጠቁሯል፤ የእሷው ነው። ምድጃው አጠገብ አስቀምጣው ኖሯል። አሁን ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው፣ የማሳው ካርታ ያለበት ደብተር በሚሰጥበት ጊዜ፣ የልጆቿ ስም እንዲገባ የሟችን ሞት ማስረጃ ይዛ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች። ማክሰኞ ሁለታችን አብረናት እንሄዳለን።