ለንደንን ያበሉ የተራራ ሰዎች

ለንደን ውስጥ ስትራንድ በሚባለው ጎዳና፣ ከሳቮይ ሆቴል መግቢያ በላይ፣ ጋሻና ጦር የያዘ በወርቅ የተለበጠ ሐውልት ቆሟል። ከታክሲ የሚወርዱት እንግዶች አብዛኞቹ ሻንጣቸውን እንጂ እሱን አያዩም። ሰውየው የሳቮይው ጴጥሮስ ነው፤ ዛሬ ፈረንሳይ፣ ስዊዘርላንድና ጣሊያን በሚገናኙበት የአልፕስ ተራራ ላይ ይገዛ ከነበረ የመሳፍንት ቤት የተወለደ። ንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ ይህን መሬት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1246 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ግብሩ በዓመት ሦስት ፍላጻ ብቻ ነበር።

ስጦታው የዝምድና ነበር። ንግሥቲቱ ኤሌኖር የጴጥሮስ የእህቱ ልጅ ናት። እናቷ የሳቮይ ተራራ ልጅ፣ አባቷ ደግሞ በሜዲትራኒያን ዳርቻ የፕሮቫንስ ገዢ ነበሩ። በ1236 እንግሊዝ አገር ስትዳር የእናቷ ወንድሞች ተከታትለው መጡ፤ አንዱ መሬት፣ ሌላው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት አገኘ። የለንደን ሰው ይህን ሁሉ እያየ ጥርሱን ነክሶ ቆየና በ1263 ንግሥቲቱ በቴምዝ ወንዝ በጀልባ ስታልፍ ከለንደን ድልድይ ላይ በድንጋይና በበሰበሰ እንቁላል ተቀበላት። ከተማዋ ለእነዚህ እንግዶች ያቀረበችው መስተንግዶ ይኸው ነበር።

በጴጥሮስ መሬት ላይ የተሠራው ቤተ መንግሥት ራሱ በ1381 በገበሬዎች አመፅ ተቃጠለ። ሄንሪ ናይተን የተባለው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው ሠላሳ የሚያህሉ አመፀኞች ወደ ወይን ጓዳው ገብተው ሲጠጡ ሕንጻው ተደርምሶ መውጫ አጡ።

የአልፕስ ሰዎች በብዛት ወደዚህች ከተማ የመጡት ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በዚያን ጊዜም ርስት ለመቀበል ሳይሆን ሳህን ለማጠብ ነበር። ከስዊዘርላንድ የቲቺኖና የቫሌ ካንቶኖች፣ ከጣሊያን ፒዬድሞንት፣ ከኒስ ዙሪያ መጡ። በካርታ ላይ ሲታይ አካባቢው ትንሽ ነው፤ ከበረዶው ጫፍ እስከ ወይራው ዛፍ ያለው ርቀት በጥቂት ቀን በእግር ያልቃል። የለንደን ምግብ ቤት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ጠባብ መሬት ልጆች ታሪክ ነው። የሚያስገርመው ግን ለመቶ ዓመት ያህል ከተማዋን ሲያበሉ የገዛ አገራቸውን ምግብ ብዙም አለማቅረባቸው ነው።

ካርሎ ጋቲ ዋናው ምሳሌ ነው። በ1817 በቲቺኖ፣ ብሌንዮ በሚባል ሸለቆ ተወለደ። ሸለቆው ክረምቱ ረጅም፣ እርሻው ጠባብ ነው፤ ወንዶቹ በብርዱ ወራት ወደ ሚላኖና ወደ ፓሪስ ወርደው ቸኮሌት ይሠሩ፣ ካስታኛ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ በከሰል ጠብሰው መንገድ ላይ ይሸጡ ነበር። በ1853 ኦስትሪያ ታስተዳድረው ከነበረው ሎምባርዲያ ስድስት ሺህ ያህል የቲቺኖ ሰዎችን ስታባርር የሚላኖው በር ተዘጋ። ጋቲ ግን ቀድሞ በ1847 ለንደን ገብቷል። ሥራውን የጀመረው የተጠበሰ ካስታኛና በብረት ቅርጽ የሚጋገር ጣፋጭ በመሸጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ባቲስታ ቦላ ከተባለ ቸኮሌት ሠሪ ጋር ተሻርኮ ካፌ ከፈተ፤ በ1851ም በታላቁ የለንደን ኤግዚቢሽን ላይ የቸኮሌት መሥሪያ ማሽን አሳየ።

ከዚያ በሀንገርፎርድ ገበያ ሰፊ ካፌ ከፈተ። ጠረጴዛው እብነ በረድ፣ መቀመጫው ቀይ ከፋይ፣ ግድግዳው መስታወት ነበር። የድሮው የለንደን ቡና ቤት የወንዶች መዋያ ነበር፤ እዚህ ግን ሚስትም ልጅም ይዞ መግባት ይቻላል። ከወጥ ቤቱ የሚወጣው ምን ነበር? የተጠበሰ ሥጋ ከድንች ጥብስ ጋር። ፖሌንታ የሚባለው የብሌንዮ የበቆሎ ገንፎ ለደንበኛ አልቀረበም። ጋቲ ነጋዴ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል። በ1862 ገበያው ለቼሪንግ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ሲፈለግ ቦታውን ለባቡር ኩባንያው ሸጠ፤ በኋላም ከጣቢያው ቅስቶች ሥር የቤተሰቡ የሙዚቃ አዳራሽ ተከፈተ።

ዋናው ሀብት ግን በረዶ ነበር። ያኔ አይስክሬም የመኳንንት ምግብ ነው። ጋቲ በአንድ ፔኒ ለመንገደኛ ሸጠው። አሻሻጡ እንዲህ ነው፦ ታችኛው ክፍሉ በጣም የወፈረ ትንሽ ብርጭቆ ላይ አንድ ማንኪያ ያህል ይደረጋል፤ የብርጭቆው ውፍረት ጥቂቱን ብዙ አስመስሎ ያሳያል። ገዢው እዚያው ቆሞ ይልስና ብርጭቆውን ይመልሳል፤ ሻጩ ውሃ ነገር ነካ አድርጎ ለሚቀጥለው ሰው ይሞላል። የአይስክሬም ሻጮቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ በሽታም አብሮ መዛመቱ ስለታመነ በ1899 ብርጭቆው በለንደን ታገደ። ጨዋታውን የጀመሩት የተራራ ልጆች ግን እስከዚያ ድረስ ሀብታም ሆነው ነበር።

በረዶው ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ከሪጀንትስ ቦይ በክረምት ይቆረጥ ነበር። የቦዩ ውሃ ቆሻሻ፣ የለንደን ክረምትም የማይታመን ስለሆነ ጋቲ ፊቱን ወደ ኖርዌይ አዞረ። እዚያ ከሐይቅ ላይ በመጋዝ የተቆረጠ ጥርት ያለ በረዶ በመርከብ ቴምዝ ይደርሳል፤ ከመርከቡ ወደ ጀልባ ይገለበጣል፤ ጀልባውን ፈረስ እየጎተተ በቦዩ በኩል ኪንግስ ክሮስ አጠገብ ያደርሰዋል። እዚያ ጋቲ በ1857 አንድ ጉድጓድ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሁለተኛ አስቆፈረ፤ ስፋታቸው 10 ሜትር ያህል፣ ዙሪያቸው በጡብ የተገነባ። በረዶው ተጠቅጥቆ ሲቀመጥ ራሱ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ የቀለጠው በታች ይፈሳል፣ ቀሪው ለወራት ይቆያል። በጋ ሲመጣ ሠራተኞች ወርደው እየፈለጡ ያወጡና ጋሪዎች ለሥጋ ቤት፣ ለዓሣ ነጋዴና ለሆቴል ያከፋፍላሉ። ጉድጓዶቹ ያሉበት ሕንጻ ከ1992 ጀምሮ የለንደን የቦይ ሙዚየም ነው።

ጋቲ በ1878 በትውልድ መንደሩ ሞተ። ከብሌንዮ ያስመጣቸው ወንድ ልጆች ግን ለንደን ቀሩ፤ አስተናጋጅ፣ ወጥ ቤት፣ ከዚያ ባለቤት ሆኑ። ከዚያው ሸለቆ የመጡት የሞኒኮ ወንድማማቾች በ1877 ፒካዲሊ ሰርከስ ላይ ካፌ ሞኒኮን ከፈቱ። የቲቺኖ ሰዎች መረዳጃ ማኅበር የሆነው ዩኒዮኔ ቲቺኔዜ የተመሠረተው ደግሞ በ1874 ነው፤ የሥራው ጸባይ ከእድር ብዙም አይርቅም።

ወይኑስ? ለዚህ ፖለቲከኛ ያስፈልግ ነበር። እስከ 1860 ድረስ ከውጭ የሚገባ ወይን ቀረጡ ከባድ ስለነበር ተራው ሰው ቢራውንና ጂኑን ይጠጣል። በዚያ ዓመት የገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስተን ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የንግድ ውል መሠረት ቀረጡን ቆረጠው፤ በ1861 ደግሞ ባለሱቅ አንዲት ጠርሙስም ቢሆን መሸጥ እንዲችል ተፈቀደ። በአሥር ዓመት ውስጥ የሚጠጣው ወይን እጥፍ ያህል ሆነ። አጋጣሚውን ከተጠቀሙት አንዱ ዳንየል ቴቬኖን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በወይን ንግድ ከስሮ፣ ከአበዳሪዎቹ አምልጦ በ1863 ለንደን ገባ፤ ስሙን ኒኮልስ ብሎ ቀየረና በ1865 ካፌ ሮያልን ከፈተ። የወይን ጓዳው ከጊዜ በኋላ በአውሮፓ ስመ ጥር ሆነ።

በ1889 ሪቻርድ ዶይሊ ካርት የጥንቱ የጴጥሮስ መሬት ላይ ሳቮይ ሆቴልን ሠራ። ስም ብቻ የተራራ ሆኖ እንዳይቀር ያስተዳድር ዘንድ ሴዛር ሪትዝን አመጣ። ሪትዝ በቫሌ ካንቶን ኒደርቫልድ በምትባል መንደር ከድሃ ገበሬ ቤት አሥራ ሦስተኛ ልጅ ሆኖ የተወለደ ነው። በልጅነቱ ብሪግ ከተማ በአንድ ሆቴል የወይን አሳላፊነት ሲማር «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርክም» ተብሎ መባረሩ ይነገራል። በ1890 ደግሞ ኒስ አጠገብ ከቪልነቭ ሉቤ የተወለደው ኦጉስት ኤስኮፊዬ ወጥ ቤቱን ያዘ። ተራራውና ባሕሩ በስትራንድ እንደገና ተገናኙ።

ሁለቱ የሠሩት ሥራ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። የአውስትራሊያዊቷን ዘፋኝ ኔሊ ሜልባን ለማክበር ኤስኮፊዬ ከበረዶ በተቀረጸ ዝይ መሰል ወፍ ክንፎች መካከል ኮክና የቫኒላ አይስክሬም አቀረበ፤ «ፒች ሜልባ» ከዚያ ወጣ። ለዌልስ ልዑል የእንቁራሪት እግር አብልቷል፤ ስሙን ግን «የንጋት ቆነጃጅት ጭን» ብሎ ሰይሞ። የምግብ ዝርዝሩ በሙሉ በፈረንሳይኛ ነበር። የቫሌው ገበሬ ልጅ የሚያውቀው የገብስ ሾርባና ደረቅ አይብ ሳቮይ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

መጨረሻቸውም ከወይን ጋር የተያያዘ ነው። በመጋቢት 1898 የሆቴሉ ቦርድ ሁለቱንም ባንድ ቀን አሰናበታቸው፤ ከክሶቹ አንዱ ከ3,400 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ወይንና መጠጥ መጥፋቱ ነበር። ከዓመት በኋላ ሁለቱ ለንደን ውስጥ ካርልተን ሆቴልን ሲከፍቱ ሀብታሙ ደንበኛ ሳቮይን ትቶ ተከተላቸው። ምግብ የወደደ ሰው የሒሳብ መዝገብ አይመረምርም።

ድሆቹ ስደተኞች የሚኖሩት ግን ክለርክንዌል በሚባለው ሰፈር ነበር። ከ1863 ጀምሮ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዱስ ጴጥሮስ፣ አላቸው፤ ከአጠገቡ በ1878 የተከፈተው የቴሮኒ ሱቅ የወይራ ዘይትና አይብ ይሸጥላቸዋል። የአገር ቤቱ ምግብ የኖረው እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው፤ ከደንበኛ ዓይን ርቆ፣ አስተናጋጆቹ ከሥራ መልስ በሚበሉበት ገበታ።

እዚህ ላይ ታሪኩ የኢትዮጵያንም በር ያንኳኳል። ፋሺስት ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር በብሪታንያ የሚኖሩ ጣሊያናውያን ሴቶችም የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጡ። ሁሉም ግን ከዚያ ወገን አልነበረም። የፒዬድሞንቱ ሲልቪዮ ኮርዮ የፋሺዝም ጠላት ነው፤ ከሕይወት አጋሩ ከሲልቪያ ፓንክረስት ጋር ከለንደን ዳር፣ ዉድፎርድ በሚባል ቦታ፣ «ሬድ ኮቴጅ» የተሰኘች ሻይ ቤት ከፍተው ነበር። ሁለቱ ከግንቦት 1936 ጀምሮ ለኢትዮጵያ የቆመውን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ጋዜጣ አሳተሙ። ሻይ ቤቷ በነበረችበት ቦታ ላይም የአየር ድብደባን የሚያወግዝ፣ ቦምብ የሚመስል የድንጋይ ሐውልት ቆመ፤ እስካሁን አለ። ልጃቸው ሪቻርድ ፓንክረስት በኋላ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ።

ሰኔ 1940 ሙሶሊኒ በብሪታንያ ላይ ጦርነት ሲያውጅ በለንደን ሶሆ ሰፈር የጣሊያኖች ሱቅ መስታወት ተሰባበረ፤ ወንዶቹም ታፈሱ። የቲቺኖው ሰው ያው ጣሊያንኛ እየተናገረ፣ የስዊስ ፓስፖርት ስላለው ሥራው ላይ ቀረ። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በታች፣ ማጆሬ ሐይቅ ዳር ካኔሮ የተወለደው ፔፒኖ ሌዮኒ ግን ታሰረ። ሌዮኒ በ1926 ዲን ጎዳና ላይ ኩዎ ቫዲስን የከፈተው ሰው ነው፤ ምግብ ቤቱ በኋላ ካርል ማርክስ በ1850ዎቹ ይኖርበት የነበረውንም ቤት ጠቀለለ። እሱ ዕድለኛ ነበር። ሐምሌ 2 ቀን እስረኞችን ወደ ካናዳ ትወስድ የነበረችው አራንዶራ ስታር በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ስትመታ ከ400 በላይ ጣሊያናውያን ሞቱ። ከመካከላቸው በለንደን ትላልቅ ሆቴሎች ሲያስተናግዱ የኖሩ ነበሩ።

የተደበቀው ምግብ ወደ አዳራሹ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ያወጣችውም እንግሊዛዊት ናት። ኤልሳቤጥ ዴቪድ ስለ ሜዲትራኒያን ምግብ የጻፈችው መጽሐፍ በ1950 ሲታተም ምግብ ገና በራሽን ነበር፤ የወይራ ዘይት የሚገኘው በመድኃኒት ቤት፣ ለጆሮ ሕመም በተዘጋጀ ትንሽ ጠርሙስ ነበር። አንባቢዎቿ ግን የሶሆን ሱቆች መጠየቅ ጀመሩ፤ ባለሱቆቹም ለዘመዶቻቸው ብቻ ያስቀመጡትን አይብና ፓስታ ወደ መስኮቱ አመጡት። በ1953 ፍሪዝ ጎዳና ላይ ሞካ ባር የተባለ ቡና ቤት ጋጂያ የሚባለውን የቡና ማሽን ተክሎ ኤስፕሬሶ ሲያፈላ ወጣቱ ጎረፈ። የአዲስ አበባ ሰው ማኪያቶን የለመደበትን መንገድ ላወቀ የለንደኑ መንገድ በጣም ሰላማዊ ነበር።

ስዊዘርላንድም በ1966 በሌስተር አደባባይ የራሷን ማዕከል ከፍታ የቀለጠ አይብ በዳቦ አበላች። ሕንጻው በ2008 ፈረሰ፤ ዛሬ በቦታው ያለው የአሜሪካ ቸኮሌት ሱቅ ነው። የጣሊያን ወይን በየሰፈሩ ሱፐርማርኬት ሲደረደር ከሪትዝ የትውልድ ካንቶን የሚወጣው ነጭ ወይን፣ ፌንዳን፣ ለንደን ውስጥ በጣም ተፈልጎ ካልሆነ አይገኝም። ስዊዘርላንድ ከምትጠምቀው ወይን ወደ ውጭ የምትሸጠው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን እዚያው ትጠጣዋለች።