ደን ካርቦን የሚይዘው በምንድን ነው? ከጓሳ እስከ ጀማ ሸለቆ

ክረምት ሲገባ ፌስቡኩም ቴሌግራሙም በችግኝ ፎቶ ይሞላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ይህን ቁጥር ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። አንድ ደን ምን ያህል ካርቦን እንደሚይዝ የሚወስኑት ነገሮች ግን ብዙም አይወሩም። መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን ይዘን አንድ በአንድ እንያቸው።

📌 መጀመሪያ ሒሳቡ

ዛፍ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ካርቦኑን ግንድ፣ ቅርንጫፍና ሥር ያደርገዋል። ከደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ገደማው ካርቦን ነው፤ በዓለም አቀፍ ስሌት ብዙ ጊዜ 47 በመቶ ይያዛል። ስለዚህ 1,000 ኪሎ የሚመዝን ደረቅ ግንድ ውስጥ 470 ኪሎ ካርቦን አለ። ግንዱ ተቃጥሎ ቢያልቅ ወደ 1,700 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከግንዱ ክብደት እንዴት በለጠ? ካርቦኑ ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚጣመር ነው።

ካርቦን ዛፉ ላይ ብቻ አይቀመጥም። ሥር፣ የወደቀ እንጨት፣ የረገፈ ቅጠልና አፈርም ይይዙታል።

📌 1. ከፍታና ብርድ

መርሐቤቴ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ ስትወርዱ ቆላ ትገባላችሁ። መንዝ ላይ ደግሞ የጓሳ አካባቢ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ሙቀት ባለበት የረገፈ ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል፣ ካርቦኑም ወደ አየር ይመለሳል። ብርድና እርጥበት ባለበት ግን መበስበሱ ይዘገያል፤ ዓመት በዓመት አፈሩ ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል። ከፍ ባለ ቁጥር ዛፉ እያጠረ፣ ወደ አስታና ጅብራ እየተለወጠ ይመጣል፤ ሀብቱ ግን ከእግራችን ሥር ነው።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። በኢትዮጵያ ትርጉም ደን ለመባል ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ ሽፋን ያስፈልጋል። የጓሳ ሣር ይህንን አያሟላም። አፈሩ ግን ካርቦን ይይዛል።

📌 2. የዛፉ ውፍረት

ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዛፎች ቢኖሩና የአንዱ ውፍረት እጥፍ ቢሆን፣ እንጨቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ገደማ ነው። ለዚህ ነው አንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ ሽማግሌ ጽድ ብዙ ችግኞችን አንድ ላይ የሚያስከነዳው። እሱን ቆርጦ አሥር ችግኝ መትከል ለብዙ አሥርት ዓመታት ኪሳራ ነው።

📌 3. የዛፉ ዓይነት

ወይራና ጽድ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ግን ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ካርቦን ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ተቆርጦ ምድጃ ይገባል። ለቤት ማገር ከዋለ ደግሞ ቤቱ እስከቆመ ድረስ ካርቦኑ እዚያው ነው። ባሕር ዛፍ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ገበሬው ቤት የሚሠራበትና የሚያበስልበት ባያገኝ ኖሮ የተረፈውም ጽድ ባልቀረ ነበር።

📌 4. ተዳፋትና አፈር

ገደላማ ቦታ አፈሩ ስስ ነው፣ ውኃ ያጥበዋል። ግን መጥረቢያም በቀላሉ አይደርስበትም። ከመንዝ በስተደቡብ አንኮበርና ጣርማበር አካባቢ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ከተረፈባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ከስምጥ ሸለቆው የሚወጣው ጉምም እርጥበት ይሰጠዋል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመናገሻን ሱባ ደን ያስተከሉት ከዚሁ ከወፍ ዋሻ በመጣ ጽድ ነው ተብሎ ይነገራል።

ሜዳው የመንዝ መሬት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እንጨት ስለሌለ ኩበት ይነዳል። ወደ ማሳ ገብቶ አፈር ማበልጸግ የነበረበት ካርቦን ጭስ ሆኖ ይሄዳል።

📌 5. ጠባቂው ማነው?

ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ በመረጧቸው አለቆች ፈቃድ ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ባለቤት የሌለው የመሰለው መሬት ለእርሻና ለግጦሽ ተጋለጠ። በኋላ ማኅበረሰቡ መልሶ ተደራጀ፤ ዛሬ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆነው ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። መሬቱም ብርዱም ያው ነው፤ በየዘመኑ የተለየው ሕጉ ነበር።

ግን መጠበቅ ዋጋ አለው። ጓሳ ሲዘጋ በጉን ሌላ ቦታ የሚያሰማራው፣ ማገዶ ፍለጋ ርቆ የሚሄደው እዚያው ያለ ሰው ነው። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር ተራራ ተከልሎ፣ ከተቆረጠው ጉቶ ዛፉ ራሱ አቆጥቁጦ ሲያድግ፣ ለተያዘው ካርቦን ክፍያ ለገበሬዎቹ ማኅበራት ደርሷል። ይህ ጥያቄ ለመንዝም መነሣት አለበት።

👉 እናንተም ሞክሩት። ሰፈራችሁ ያለ አሮጌ ዛፍ ጋ ሂዱ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ዙሪያውን በሜትር ለኩና ለ3.14 አካፍሉ። ውፍረቱን አገኛችሁ። የደን ባለሙያም ከዚሁ ነው የሚጀምረው። ዘንድሮ ችግኝ የምትተክሉ ከሆነም ፎቶውን አስቀምጡትና በዓመቱ ያው ቦታ ላይ ሌላ አንሡ። የሚቆጠረው ያ ሁለተኛው ፎቶ ነው።