ወይና ደጋ ያለ ነገር አልተባለም

የአገራችንን አየር ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው የከፈሉት አባቶቻችን መካከለኛውን በወይን መሰየማቸውን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ወይና ደጋ ትገባለች። የፈረንሳዩ ካስቴል እርሻውን እዚያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጠርሙስ ገበያ የወጣው በ2014 ነው። በሦስት ወር ብር የምናዞር እኛ ይህን ያህል መጠበቅ አንችልም።

የዝዋይ አሸዋማ አፈር ውሃ አያቁርም። እንደ አውሮፓ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ ግን ጊዜውን የሚወስነው መቀስ ነው፤ ፍሬው በበጋ እንዲደርስ ታስቦ ይገረዛል። የበሰለ ዘለላ ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳልና። ዶዶማ፣ ታንዛኒያ፣ ብርድ ስለሌለ በዓመት ሁለቴ ይቆረጣል። የዝዋይን ጉማሬ ደግሞ መቀስም አይመልሰው፤ በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል።