የሚጻፍ ሃርድዌርና የሐይቅ መጻሕፍት

ሐይቅ ተወልዶ ያደገ ልጅ የእስጢፋኖስን ገዳም ታሪክ ከአያቶቹ አፍ ይሰማል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው ቦታውን የትምህርት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ካበረከቷቸው መጻሕፍት መካከል አራቱ ወንጌል ዛሬም አለ። ዘመናቸው በውስጣቸው ከተጻፈ የአገራችን ብራናዎች ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በማይክሮፊልም ሲነሣ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው።

ይህን ታሪክ በምሕንድስና ሥራዬ መሀል ደጋግሜ አስበዋለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በተገናኘን ቁጥር የክፍል ጓደኞቼ «አሁን አንተ በትክክል ምንድን ነው የምትሠራው?» ይሉኛል። የምሠራው ኤፍፒጂኤ በሚባል ቺፕ ላይ ነው። የተለመደው ቺፕ ሰርኪዩቱ ፋብሪካ ውስጥ ተቀርጾ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ስሕተት ቢገኝ እርማቱ ወራትና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ኤፍፒጂኤ ግን ሥራው ሳይወሰን ከፋብሪካ ይወጣል። በውስጡ ትንንሽ ሠንጠረዦች አሉ፤ አራት መግቢያ ያለው አንድ ሠንጠረዥ 16 መልስ ይይዛል። መልሶቹን የምንሞላው እኛ ነን። አሞላላችንን ስንቀይር ያው ቺፕ ሌላ ማሽን ይሆናል።

ሐሳቡ እንግዲህ ያን ያህል አሮጌ አይደለም። ዛይሊንክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ሮስ ፍሪማን የፈጠረው የመጀመሪያው ቺፕ በ1985 ወጣ፤ የነበሩት የሎጂክ ክፍሎች 64 ብቻ ናቸው። በ1987 ደግሞ ቪኤችዲኤል የተባለው የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት። ቀስ በቀስ መሐንዲሱ ሰርኪዩት መሣሉን ትቶ መጻፍ ጀመረ።

ለእኛ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አገራችን የቺፕ ፋብሪካ የላትም። ቦርዱም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፤ ይህን አልክድም። ዲዛይኑ ግን ጽሑፍ ስለሆነ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ሊጽፈው፣ በሲሙሌሽን ሊፈትነው፣ ለሌላው ሊያካፍለው ይችላል።

ብዙዎቹ ኤፍፒጂኤዎች አንድ ጠባይ አላቸው፦ መብራት ሲጠፋ የተጻፈባቸውን ሁሉ ይረሳሉ። መብራት ሲመለስ አጠገባቸው ካለ ሌላ ሜሞሪ እንደገና ያነባሉ። ስለዚህ ዋናው ሀብት ቺፑ ሳይሆን ጽሑፉ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንድ ወጣት መምህር «የመመረቂያ ፕሮጀክትዎን ቢልኩልኝ ለተማሪዎቼ አሳያቸው ነበር» ብሎ ጻፈልኝ። የትራፊክ መብራት መቆጣጠሪያ ነበር፤ ስንት ሌሊት ያደርንበት። ያስቀመጥኩት አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር፣ ዲስኩም ተበላሽቷል። «የለኝም» ብሎ መመለስ አሳፈረኝ። ዛሬ የጀማሪ መሐንዲሶችን ሥራ ስገመግም «ይሠራል ወይ?» ከማለቴ በፊት «አንተ ባትኖር ሌላ ሰው ከጽሑፉ ብቻ መልሶ ሊሠራው ይችላል ወይ?» እላለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመም። የጠፋ ቦርድ በገንዘብ ይተካል። ግልባጭ የሌለው የተማሪ ሥራ ግን በምን ይተካል?

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህሮቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የተመራቂዎች የዲዛይን መደርደሪያ ይኑረን። እያንዳንዳችን የራሳችን የሆነ አንድ ሥራ እናስገባ፦ ጽሑፉን፣ መፈተኛውን፣ በየትኛው ቦርድና ሶፍትዌር እንደሚሠራ የሚናገር አንድ ገጽ ማብራሪያ። ግልባጩም ቢያንስ በሁለት ከተማ ይቀመጥ። የመሥሪያ ቤቴን ዲዛይን መስጠት አልችልም፤ የእኔ አይደለም። ያን የትራፊክ መብራት ግን በትርፍ ጊዜዬ እንደ አዲስ እየጻፍኩት ነው። ለሚቀጥለው መገናኛችን ይዤው እመጣለሁ፤ እናንተም ባዶ እጃችሁን አትምጡ።