1,200 ካሎሪ ያለው ማን ነው? የካሎሪ ቆጠራ ታሪክ እና ለቤታችን ያለው ትምህርት



በቅርቡ አንዲት እናት የ14 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር። ስንነጋገር ስልኳን አውጥታ የምትበላውን ሁሉ የምትመዘግብበትን አፕ አሳየችኝ። «በቀን ከ1,200 እንዳይበልጥ ነው» አለችኝ። እናትየዋ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ እኔው ነኝ ያስጀመርኳት፤ አብረን እንቀንስ ብዬ ነው» አለች።

እናትየዋን አልወቀስኳትም። ቁጥር ሲጻፍ እውነት ይመስላል። ግን ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ታሪኩን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1780ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ላቮዝዬ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ከላፕላስ ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ የምትባል ትንሽ እንስሳ ዙሪያው በበረዶ በተሞላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ከእንስሳዋ በሚወጣው ሙቀት የቀለጠውን በረዶም ለካ። የደረሰበት ነገር ዛሬም የምንማረው ነው፦ መተንፈስ በዝግታ እንደ መንደድ ነው። ሻማ ሰሙን እያነደደ እንደሚያበራ፣ ሰውነትም ምግብን እያነደደ ይሞቃል፣ ይንቀሳቀሳል። ካሎሪ የዚህ ሙቀት መለኪያ ሆነ። ምግብ ላይ አንድ ካሎሪ የምንለው አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1890ዎቹ፣ ዊልበር አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰው የሚገባበት ጠባብ ክፍል ሠራ። በጎ ፈቃደኞች እዚያ ውስጥ ለቀናት በሉ፣ ተኙ፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ነዱ። ከሰውነታቸው የወጣው ሙቀትም ተለካ። ዛሬ በምግብ ማሸጊያ ላይ ለምናነበው ሒሳብ መሠረት የሆኑት የእሱ ቁጥሮች ናቸው፦ 1 ግራም ፕሮቲን 4፣ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ።

ልብ በሉ፤ የአትዋተር ጭንቀት ውፍረት አልነበረም። ደሞዙ ትንሽ የሆነ ሠራተኛ ባለችው ገንዘብ በቂ ጉልበት እንዴት ያግኝ የሚል ነበር። ቫይታሚን ገና አልታወቀምና፣ ካሎሪያቸው አነስተኛ የሆነ አትክልቶች ለእሱ ገንዘብ የሚያባክኑ ነበሩ። ካሎሪ ምግቡ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ እንጂ ሰውነትን እንደሚገነባ አይነግረንም።

ቁጥሩን ወደ መክሳት ያዞረችው የሙያ ባልደረባዬ ናት ማለት እችላለሁ። ሉሉ ሀንት ፒተርስ የሎስ አንጀለስ ሐኪም ነበረች። ራሷም ወደ 100 ኪሎ ደርሳ ከ30 ኪሎ በላይ ቀንሳለች። በ1918 ባሳተመችው መጽሐፍ አንባቢዎቿ «አንድ ቁራሽ ዳቦ» ማለት ትተው «100 ካሎሪ ዳቦ» እንዲሉ አስተማረች። መቀነስ ለሚፈልጉ አዋቂዎች ያቀረበችው መጠን በቀን 1,200 ካሎሪ ገደማ ነበር። መጽሐፉ በገፍ ተሸጠ። ቁጥሩም መቶ ዓመት ተሻግሮ እዚህች ልጅ ስልክ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ቀጥሎ ያለው ለወላጆች በጣም አስፈላጊው ክፍል ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ ረሃብ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ለማጥናት ተነሳ። በህሊናቸው ምክንያት ጦር ሜዳ አንሄድም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ፈቃደኛ ሆኑ። ለ24 ሳምንታት በቀን በአማካይ 1,570 ካሎሪ ገደማ እየበሉ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲራመዱ ተደረገ። ከሲታ ሆኑ፣ በረዳቸው፣ የልብ ምታቸው ዘገየ፣ ተነጫነጩ፣ ተከዙ። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚያገላብጡም ነበሩ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ብዙዎቹ በልተው አልጠግብ አሉ።

እነሱ ትልልቅ ወንዶች ስለሆኑ ከአንዲት ልጅ ጋር በቀጥታ አይወዳደሩም። ግን ሰውነት ነዳጅ ሲቀነስበት ዝም ብሎ እንደማይከሳ አሳይተውናል። ማሞቂያውን ይቀንሳል፣ ረሃቡን ይጨምራል። በ2016 የወጣ ጥናትም በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መርምሮ፣ ሰውነታቸው በእረፍት ጊዜ በቀን ከሚጠበቀው 500 ካሎሪ ያህል አሳንሶ እንደሚያቃጥል አገኘ። አብዛኞቹ የቀነሱትን ኪሎ መልሰው ጨምረው ነበር። ስለዚህ ክብደት የተመለሰባችሁ ታካሚዎቼ፣ ሰነፎች ስለሆናችሁ ብቻ አይደለም።

ስፖርቱስ? በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን አነጻጸረ። ቀኑን ሙሉ ከሚቀመጡት ሹፌሮች ይልቅ ባለ ሁለት ፎቁን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንቅስቃሴን «ስንት ካሎሪ አቃጠልኩ» ብላችሁ ብቻ አትለኩት። ፈጠን ያለ የግማሽ ሰዓት እርምጃ የሚያቃጥለው በአንድ ወይም በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይተካል፤ አንዱ ማንኪያ ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ለልብ፣ ለስኳርና ለደም ግፊት፣ ለእንቅልፍ ያለው ጥቅም ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይታይም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

✅ አዋቂ ከሆናችሁ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የምትበሉትን መመዝገብ ጥሩ ትምህርት ነው። ወጡ ላይ የሚፈሰው ዘይት፣ ሻይ ውስጥ የሚገባው ስኳርና ለስላሳው ያስገርማችኋል። ግን ከአንድ ትሪ አብራችሁ ስትበሉ ቁጥሩ ግምት ነው፤ ግማሽ እንጀራ አለፈ ብላችሁ ራሳችሁን አትቅጡ።

✅ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቡ ከሆናችሁ፣ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ሐኪም ሳታማክሩ ምግብ አትቀንሱ።

✅ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ካሎሪ አትቁጠሩ። የልጅ ክብደት ካሳሰባችሁ ለብቻው አትለዩት። የቤቱን ልማድ ቀይሩ፦ ለስላሳውን በውሃ፣ ስልኩን በጨዋታ፣ ማምሸቱን በእንቅልፍ። ብዙ ጊዜ ኪሎው ባለበት ቆሞ ቁመቱ ሲጨምር ይስተካከላል።

⚠️ ልጃችሁ ምግብ ከዘለለች ወይም ከደበቀች፣ ራሷን ከሳተች፣ የወር አበባዋ ከቀረ፣ ሁልጊዜ ከበረዳት ቶሎ ወደ ሐኪም አምጧት። ወንዶች ልጆችንም ይመለከታል።

ያቺ ልጅ አፑን እዚያው ፊቴ አጠፋችው። እናትየዋ ግን የራሷን ታጠፋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አንቺ መመዝገብ ትችያለሽ፤ ማዕድ ላይ ግን ስልኩ ይቅር» አልኳት። አሁን ማታ ማታ አብረው በእግራቸው ይወጣሉ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ጤና ይብዛላችሁ።