ደረት ከተከፈተ በኋላ፤ የሴት ሕሙማን እንክብካቤ አጭር ታሪክ

የልብ ቀዶ ጥገና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሐኪሞች ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ወደ በሽተኛይቱ መመልከት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1925 ሄንሪ ሱታር በለንደን የታመመውን የልብ ቫልቭ በጣቱ ሲያላቅቅ በጠረጴዛው ላይ የተኛችው ወጣት ሴት ነበረች። በ1953 ጆን ጊበን በፊላደልፊያ የልብንና የሳንባን ሥራ በሚተካ መሣሪያ እየተረዳ የልብን ቀዳዳ ሲደፍንም ታካሚዋ የ18 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። እንግዲህ ሴቶች ከዚህ ሕክምና ጋር የነበሩት ገና ከጥንስሱ ነው። ሆኖም ስለ ጡታቸው የታሰበው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ቢላዋው የሚሄድበት መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። በጊበን ዘመን ደረት የሚከፈተው ከጡት ሥር በአግድም ነበር። የደረትን አጥንት ከላይ እስከ ታች መሰንጠቅን ሄርበርት ሚልተን በካይሮ ሆኖ በ1897 ገልጾታል፤ ለልብ ሥራ የተለመደው ግን ኦርመንድ ጁልያንና ባልደረቦቹ በ1957 ከጻፉ ወዲህ ነው። ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ሕመሙም ያንሳል። ነገር ግን ቁስሉ በሁለቱ ጡቶች መካከል ያርፋል። ሴትዮዋ በጀርባዋ ስትተኛ ጡቶቿ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወድቀው ስፌቱን ይስቡታል። ጡቷ ትልቅ ከሆነ ስፌቱ የመላቀቅና ቁስሉ የማመርቀዝ አደጋ ይጨምራል። ለዚህ የሚረዳው ከፊት የሚከፈት፣ ሽቦ የሌለው፣ ማንገቻው ሰፊ የሆነ ለስላሳ የጡት መያዣ ነው። እንዲህ ያለው ተራ ነገር በካናዳ በሰፊው ተፈትኖ ውጤቱ የታተመው በ2006፣ ማለትም ከጁልያን ጽሑፍ 49 ዓመት በኋላ መሆኑ ያስደንቃል።

በአገራችን ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ያልታከመ የጉሮሮ ቁስል የሚያስከትለው የልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ይይዛል፤ ከእርሱም የሚመጣው የቫልቭ መጥበብ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እስኪከፈት ድረስ ብዙ ሕፃናት ለዚህ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር።

አሁን ከአሶሳ የመጣች እናት አዲስ አበባ ታክማ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች እንበል። አጥንቱ እስኪጋጠም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። «ከባድ ነገር አታንሺ» ትባላለች። ይሁን እንጂ ከባድ ማለት ምን ማለት ነው? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። በአንቀልባ የሚታዘለው ሕፃንም ሸክም ነው፤ ማሠሪያውም በደረት ላይ ያልፋል። በመተከልና በካማሺ የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ሁለት ጫፍ ሸክማቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ይህም ትከሻንና ደረትን ያስጨንቃል። ስለዚህ ምክሩ ጀሪካኑን፣ አንቀልባውንና እንጨቱን በየስማቸው ጠርቶ፣ ባልና አማት ባሉበት፣ በበርታኛ ወይም በጉሙዝኛ ቢነገር ይሻላል ባይ ነኝ።

የጡት መያዣውን በተመለከተ፣ ከውጭ አገር እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የገበያ ልብስ ሰፊ ከለስላሳ ጥጥ ሊሰፋው ይችላል፤ ቁልፉ ከፊት፣ ስፌቱ ግን ከቁስሉ ራቅ ብሎ። ለምታጠባ እናትም ይመቻል። ስታስል ትራስ አቅፋ ደረቷን ትደግፍ፤ ሕፃኑን ደግሞ ሌላ ሰው አንስቶ በጭኗ ላይ ያስተኛላት።