«ጎንደር»ና «ሽሬ» ከባሕር ሥር

ፋሺስት ኢጣሊያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ የእንግሊዝ የሜዲትራኒያን ባሕር ኃይል ከማልታ ወደ እስክንድርያ ተዛውሮ ነበር። ወደ ምጽዋ የሚጓዘው ጦርና ስንቅ በስዌዝ ቦይ የሚያልፍ በመሆኑ፣ የኢጣሊያ አድሚራሎች ቦዩ ቢዘጋ ምን እንደሚውጣቸው ይጨነቁ ጀመር። እንግሊዝ ቦዩን አልዘጋችም፤ ይህ ለብቻው የሚጻፍ ቅሬታ ነው። ከዚያ ጭንቀት ግን አንድ መሣሪያ ተወለደ።

በላ ስፔሲያ የሚያገለግሉት ሁለት ወጣት የባሕር ኃይል መሐንዲሶች፣ ቴሴዮ ቴሴይና ኤሊዮስ ቶስኪ፣ ሰው የሚጋልበው ቶርፔዶ ነደፉ። ሐሳቡ ፍጹም አዲስ አልነበረም፤ በጥቅምት 1911 ዓ.ም. ሮሴቲና ፓኦሉቺ የተባሉ ኢጣሊያውያን በተመሳሳይ ዘዴ በፖላ ወደብ አንድ ትልቅ ጦር መርከብ አስጥመዋል። የአሁኑ ግን በውኃ ሥር ሰጥሞ የሚሄድ ነበር። ርዝመቱ 7 ሜትር ያህል ሲሆን በባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር ይነዳል፤ ሁለት ጠላቂዎች እንደ ፈረስ ይፈናጠጡታል። ከፊቱ ያለው ፈንጂ ተፈትቶ በጠላት መርከብ ሆድ ሥር ይንጠለጠላል። ፍጥነቱ ከእግረኛ እርምጃ እምብዛም አይበልጥም። በፍጥነቱ ፈንታ የተገኘው ዝምታ ነው፤ ጠላቂዎቹ የሚተነፍሱት ንጹሕ ኦክስጅን በኬሚካል እየተጣራ ስለሚመለስ አረፋ ወደ ላይ ወጥቶ አያጋልጣቸውም። ይሁን እንጂ ንጹሕ ኦክስጅን በጥልቅ ውኃ ግፊት ሰውን ይመርዛል። እንደ እኔ አስተያየት የንድፉን ወሰን ያበጀው ከብረቱ ይልቅ የሰው ሰውነት ነው።

ኢጣሊያ አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ ሥጋቱ ስለ ቀለለ መሣሪያው መጋዘን ገባ፤ የወጣውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ነው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያዊን ጆሮ የሚከነክን ነገር አለ። መሣሪያውን ተሸክመው ወደ ጠላት ወደብ ከተላኩት ሰርጓጅ መርከቦች ሁለቱ «አድዋ» ከተባለው ተከታታይ ሥሪት ሲሆኑ፣ መጠሪያቸውም «ጎንደር» እና «ሽሬ» ነበር። ወራሪው የረገጠውን ምድር ስም በመርከቦቹ ላይ ጽፎ ነበር።

«ጎንደር» በመስከረም 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ባሻገር ሰጠመች፤ ቶስኪም ከተማረኩት አንዱ ሆነ። ቴሴይ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ማልታን ሲያጠቃ ሞተ። «ሽሬ» ግን በታኅሣሥ 9 ቀን 1934 ዓ.ም. ሌሊት ሦስት መሣሪያዎችን ከስድስት ጠላቂዎች ጋር በእስክንድርያ ደጃፍ ለቀቀች። የወደቡ መከላከያ ለእንግሊዝ መርከቦች በተከፈተ ጊዜ አብረው ሾልከው ገቡ። ዱራን ዴ ላ ፔኔ የተባለው መኰንን መሣሪያው ቢቆምበት በጭቃ ላይ በእጁ እየጎተተ «ቫሊያንት» ከተባለችው ጦር መርከብ ሥር አደረሰው። ሲነጋ «ቫሊያንት»ና «ኩዊን ኤልሳቤጥ» ተመትተው በወደቡ ወለል ላይ ተቀመጡ፤ ስድስቱም ጠላቂዎች ተማረኩ። እንግሊዞች ብዙ ሳይቆዩ «ቻርዮት» ብለው የራሳቸውን አምሳያ ሠሩ፤ ዛሬ ጠላቂ ኮማንዶዎችን የሚያጓጉዙት ትንንሽ ማጓጓዣዎችም የዚያ ዘር ናቸው።

የእስክንድርያው ድል የተገኘው ግን ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ካጣች በኋላ ነው። ከዚያ ሌሊት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 18 ቀን፣ በእውነተኛው ጎንደር የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር እጁን ሰጥቷል። «ሽሬ»ም በነሐሴ 4 ቀን 1934 ዓ.ም. በሃይፋ አጠገብ ከነሠራተኞቿ ሰጠመች።